ከሩቅ የሚታዩ እሳቶች

ጥቅምት 8

ይድረስ ለወንድሜ ለጭራሮ፤

ድምፅህን ከሰማሁ ቆየሁ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፤ ያለህበት ብርድም ይራራልህ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና የሚባለው ይሄ ከሆነ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንተም ዝም ትላለህ፣ እኔም ዝም እላለሁ፣ ከዚያ «መስመሩ ይቆራረጣል» ተባብለን እንዘጋዋለን። መስመሩ ምንም አልሆነም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

እማዬ መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ የረሳችው ሁሉም ሰው የሚረሳውን ትንሽ ትንሽ ነገር ነው፤ መነጽሯን፣ የጎረቤቷን ስም፣ ውሃ መጣዷን። እኔም እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ባለፈው እሁድ ግን እግሯን እያጠብኩላት «ትልቁ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ታላቅ ወንድማችንን፣ ጋሼን ማለቷ ነው። ጋሼ ያንን የነዳጅ በርሜል ሲበይድ ፈንድቶበት ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የቀበረችው እሷ ናት። አፈሩን ስትጨብጥ አጠገቧ ነበርኩ።

«እማዬ፣ ጋሼ እኮ የለም» አልኳት።

«የለማ፤ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሄዷል።»

«ሩቅ አገር ያለውማ ጭራሮ ነው።»

እጇን ራሴ ላይ አደረገች። ቀስ ብላ፣ እንደሚያጽናና ሰው፣ «ጭራሮማ ሞተ። ረሳሽው እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

ልትስቅ ትችላለህ። እኔ ሳቄ መጥቶ ነበር። ከዚያ እግሯን አድርቄ ውሃውን ደፋሁ።

ሐኪሙ ፎቶ አሳዩዋት ብሏል። የቅርብ ጊዜ ፎቶህን ላክልኝ። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አለቃችን «ወንድምሽ ውጭ ምንድን ነው የሚሠራው?» ብላኝ «ኮከብ ያያል» አልኳት። «ታዲያ የእኔንም ያይልኝ፣ ባል አገኝ እንደሆነ» ብላ ሆስፒታሉን ሁሉ አሳቀችብኝ። ምን ልበላት?

እህትህ


ጥቅምት 29

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እጆችሽን ከዚያ እንፋሎት፣ ጉልበትሽን ከዚያ ሲሚንቶ ወለል ፈጣሪ ያስጥልልሽ።

ደብዳቤሽን ቢሮ ሆኜ ነው ያነበብኩት። መሞቴን ካነበብኩ በኋላ አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ወርጄ ምሳ በላሁ። ምሳው ጨው አልነበረውም። ይህንን የምነግርሽ ሌላ የተሰማኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ራሰ በራው ባልደረባዬ ነው ያነሳኝ። ከኋላዬ የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ከመስኮታችን ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ለአለቃሽ እንዲህ በያት። ወንድሜ ኮከብ አይቆጥርም፤ ይመድባል። ቀን ነው የሚሠራው። ሌሎች ሰዎች ተራራ ላይ ሆነው በትልቅ መነጽር የያዙትን ብርሃን ዘርዝረው ይልኩልናል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ኮከብ አይመስልም። ጥቁር ጥቁር መስመር ያለበት የቀለም ሪባን ነው። መስመሮቹን አይቼ ኮከቡ የት እንደሚገባ እወስናለሁ።

መጀመሪያ በሙቀት ነው። ከጋለው ወደ በረደው ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም የሚባሉ ፊደሎች አሉ። ፊደሎቹ ለምን እንዲህ እንደተዘበራረቁ አትጠይቂኝ፤ ድሮ በሌላ ሥርዓት ተደርድረው ኋላ ሲስተካከሉ እንዲሁ ቀሩ። ፀሐያችን ጂ ላይ ናት። እኔ የምሠራው ኦና ቢ ላይ ነው፤ ሰማያዊዎቹ፣ ግዙፎቹ ላይ።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ሁለት ኮከቦች እኩል የጋሉ፣ ቀለማቸውም አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንደኛው ግን ከሌላው መቶ እጥፍ ይደምቃል። በዓይን አይለይም፤ ደብዛዛው ቅርብ ከሆነ ደማቁን ይበልጣል። ስለዚህ የመስመሩን ስፋት እናያለን። ኮከቡ አብጦ ገላው ከሳሳ መስመሩ ቀጭን ይሆናል፤ ጥቅጥቅ ካለ ይሰፋል። ያበጡት፣ እጅግ የሚደምቁት «አንደኛ» ይባላሉ፤ ልዕለ ግዙፍ ማለት ነው። ፀሐይ በዚህ አቆጣጠር አምስተኛ ናት። ከአንደኞቹ ውስጥ ደግሞ የባሱት ለብቻቸው ምልክት አላቸው። እነዚህ ብዙ አይኖሩም። ፀሐይ ቆጥባ የምታነደውን እነሱ ቶሎ ጨርሰው ይፈነዳሉ።

ባል ግን አላገኝላትም።

ወንድምሽ


ኅዳር 24

ለወንድሜ፤

ሰላምህ ይብዛ። የምትበላው ጨው ያግኝ።

ፎቶህን አሳየኋት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ገልብጣ ገላብጣ አየችው። «ይሄ ትልቁ ነው» አለች። «ወፍሯል፤ ደልቶታል ማለት ነው።» ጭራሮ ነው ብላት «አንቺ ደግሞ! ጭራሮ እንዲህ ያለ ጉንጭ ነበረው?» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፣ ወፍረሃል። ፎቶው አሁን ራስጌዋ ነው።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። እህል እምቢ ብላ ነበር። ማንኪያውን ሳቀርብ ጥርሷን ትገጥማለች። «ትልቁ ሳይጽፍልኝ አልበላም» ትላለች፤ እንደ ሕፃን። ሰለቸኝና፣ እውነቴን ነው የምልህ ሰልችቶኝ፣ ያንተን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላት። የኮከቡን። ኮከብ የሚለውን እየዘለልኩ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰማያዊው፣ ቶሎ ስለመፈንዳቱ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «ብየዳ ነው» አለች። «ሰማያዊ እሳት ብየዳ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?» ከዚያ ሾርባውን ሳህኑ እስኪደርቅ ጠጣች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። በጋሼ ስም ጻፍላት። እኔ እንዳልጽፈው ታውቅብኛለች፤ ካንተ ሲመጣ ግን ፖስታው ላይ የውጭ ቴምብር አለ፤ ይዛው ትውላለች። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ላይ ይቆጠር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ቤት እያደር ይጨልማልና ጠርቶ እስኪመጣ ትብላ።

ደግሞ ጠዋት ጠዋት ታለቅስልሃለች። ቁርስ ሳላቀርብ በፊት ነው። ምን እያለች እንደምታለቅስልህ ልንገርህ ወይስ ይቅር?

እህትህ


ታኅሣሥ 30

ለወንድሜ፤

ደህና ነህ ብዬ አስባለሁ። የፊተኛው ደብዳቤዬ ደርሶህ እንደሆነ አላወቅሁም። ያንኑ የድሮውን እያነበብኩላት ነው። አሁን በቃሏ ይዛዋለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች። እኔ ስለ አንተ ሥራ ከማንም የበለጠ ሳላውቅ አልቀርም።

የሥራ ቦታ ማድረቂያው ተበላሽቶ አንሶላውን ሁሉ ጣሪያ ላይ እያሰጣን ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

እህትህ


የካቲት 3

ለእትዬ፤

ለዘገየሁበት ይቅር በይኝ። ሁለቱም ደርሰውኛል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ በየቀኑ አያቸው ነበር። ሥራ በዝቶ አይደለም።

ለእማዬ የጻፍኩት አብሮ አለ። እንዳለ አንብቢላት። ስሙን አልጻፍኩም፤ «ልጅሽ» ብዬ ነው የፈረምኩት። ሌላውም ቢሆን አንድ የዋሸሁት ነገር የለም፤ ብታዪው ታውቂዋለሽ።

ስታለቅስልኝ የምትለውን ንገሪኝ።

ወንድምሽ


*(ከላይኛው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ የነበረ)*

ለውድ እናቴ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለኝ። ክፍሌ ይሞቃል።

የምሠራው በጣም ከጋሉ ትልልቅ ነገሮች ጋር ነው። ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል። አይዞሽ፣ አልቀርባቸውም። ከሩቅ ነው የማያቸው፤ በጣም ከሩቅ። እጄን አያቃጥሉኝም። ሲፈነዱም እኔ ጋ የሚደርስ ፍንጣሪ የለም። ዓይኔንም አይጎዱኝም፤ በመሣሪያ ነው የማየው።

ከእነሱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ባንዱ ዙሪያ የሚዞሩ አሉ። ደስ የሚሉኝ እነሱ ናቸው። የአንዱን ክብደት ማወቅ የምንችለው ሌላው ሲጎትተው አይተን ነው። ብቻውን የቆመ ግን ቢደምቅም ባይደምቅም ክብደቱ ግምት ነው።

ምግብሽን ብዪ። እህቴን አታስቸግሪያት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው።

ልጅሽ


መጋቢት 2

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ደረሰ። የጻፈው እጅ ይባረክ።

ተኝታ ነበር፤ ቀስቅሼ አነበብኩላት። «ከሩቅ ነው የማያቸው» የሚለው ጋ ስደርስ «ተመስገን፣ ተመስገን» ብላ አስቆመችኝ፤ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ያኔም ከሩቅ ቢያየው ኖሮ» አለች። ያኔ ምን እንደሆነ ልጠይቃት ስል ግን «ያኔ ምን?» ብላ እኔኑ መልሳ ጠየቀችኝ።

መልስ ጻፊልኝ ብላኝ እንደተናገረችው ነው የጻፍኩት፦

*«ልጄ፣ ወረቀትህ ደረሰኝ። ዓይንህን ሸፍን። ከሩቅም ቢሆን ሸፍን። የወንድምህን ነገር ሰምተሃል መቼም፤ ተቃጥሎ ነው የሞተብን። አንተ ትልቅ ነህና አታልቅስ። እሱ ቀጭን ስለነበር ብዙም አልነደደም አሉኝ፤ እኔን ለማጽናናት ነው። ና አልልህም፤ መምጫህ ሲደርስ ግን ከመንገድ አትቅር።»*

 

የጠየቅከኝን ልንገርህ። ጠዋት ስታለቅስልህ «ሲጠሩት የማይሰማው ልጄ» ነው የምትለው። ሌላ ነገር የለውም። «ሲጠሩት የማይሰማው፣ አንዴ ብቻ አቤት በለኝ» ትላለች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ቁርስ ትጠይቃለች። በልጅነትህ መጽሐፍ ስትይዝ ስምህን አሥር ጊዜ ብንጠራ የማትሰማውን ነው መቼም።

ሐኪሙ ልቧ ሰፍቷል አለ፤ ሳንባዋ ውሃ ይዟል። ሌሊት በትራስ ደግፌ ነው የማስተኛት። ስንት ጊዜ አላት ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

እኔም ና አልልህም። ሥራህን አውቃለሁ።

እህትህ


ሚያዝያ 19

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥሽ፤ እንቅልፍም ይስጥሽ።

ያንቺ ደብዳቤ የመጣ ዕለት አንድ ኮከብ ላይ ነበርኩ። በድሮው መዝገብ ሁለት ጎረቤታም ኮከቦች አሉ፤ አንደኛው ልዕለ ግዙፍ፣ ሌላው ተራ ተብሎ ተጽፏል። አዲሱን ሪባን ሳየው ተገላብጠዋል። ማን እንደቀየራቸው አይታወቅም። ራሰ በራው «ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ጽፈህ አስተካክለው» አለኝ። እኔ ግን ከሰዓቱን ሙሉ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። እሱም የታመምኩ መስሎት ሻይ አመጣልኝ። «ቤትህ ሰው ሞተ?» አለኝ። «አዎ፣ እኔ» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ትኬት ቆርጫለሁ። በግንቦት መጨረሻ እመጣለሁ። ረጅም ፈቃድ አይሰጡኝም፤ የዓመቱ ምደባ ካላለቀ ውሌ አይታደስም። አውሮፕላን ማረፊያ አትምጪ፤ ከሥራሽ አትቅሪ። ቁልፉን ጎረቤት ተይልኝ።

ማን ሆኜ እንደምገባ ግን አላውቅም። የምትመክሪኝ ካለ ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 6

ለወንድሜ፤

በሰላም ገብተህ ሥራህን እንደጀመርክ ነግረኸኛል። ፈጣሪ ጉልበት ይስጥህ። እኛንም፤ እኔንም ማለቴ ነው፤ «እኛ» ማለት አልለቀቀኝም።

ምክር ጠይቀኸኝ ነበር፤ አልጻፍኩልህም። ምክር ስላልነበረኝ ነው።

የእማዬን ማረፍ በስልክ ነገርኩህ፤ ዝም አልክ፣ ዝም አልኩ። ስለ መስመሩ እንኳ አላነሳንም። ለቀብሩ እንዳትመለስ ያልኩህ ከልቤ ነው። በቁሟ አይተሃታል፤ ከአፈር ጋር ምን ልታወራ ነው? አሁን እቃዎቿን እያጠብኩ ነው። ለወትሮው ከአንሶላ የሰው ደም የማስለቅቅ ሰው ከእናቴ ነጠላ ላይ የሾርባ ነጥብ ማስለቀቅ አቃተኝ። አለቃችን እጄን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና እሷ አጠበችው።

አንድ ነገር ግን እየበላኝ ነው። አንተ የመጣህ ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። ስገባ መስኮቱ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ መንገዱን ታያላችሁ። ምን ተባባላችሁ ብልህ «ምንም» አልከኝ። ምንም አልነበረም እንዴ? ከዚያን ቀን ወዲህ የጋሼን ደብዳቤ አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም። ጠዋትም አላለቀሰችልህም። አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ በር በሩን ማየት አመጣች። በመጨረሻዋ ቀን ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በሩን ልዘጋ ስነሳ «ተይው፣ አትቆልፊው፤ ያ ልጅ ቁልፍ የለውም» አለችኝ። የትኛው ልጅ እማዬ ብላት «ስንት ልጅ ቀረኝና ነው?» አለች።

በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። እንደዚያ እንዳለ ነው ያለፈችው።

ምን ብለሃት ነው? ለመቆጣት አይደለም። አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝና ማወቅ አለብኝ።

እህትህ


ሐምሌ 28

ለእትዬ፤

መጽናናቱን ለሁለታችን ይስጠን። ካልመጣም ሳንፈልገው ራሱ ያግኘን።

«ምንም» ያልኩሽ ደክሞኝ ነው። እንደነበረ ልንገርሽ።

ስገባ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። አየችኝ። ፎቶው ራስጌዋ አለ፤ ትልቁ ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «የመስኮቱን እጀታ ልትሠራ ነው? ቆይተህ መጣህ» አለችኝ። አዎ አልኩ። እጀታው እውነትም ላልቶ ነበር። ከመሳቢያው ጠመንጃ መፍቻ አገኘሁና አጠበቅኩት። እሷ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«ሙያህ ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ኮከብ ነው የምመድበው።»

«እንዴ! የእኔም ልጅ እንደዚያ ነበር። ትንሹ። ሞተ።»

«ምን ሆኖ?»

«ብየዳ ላይ ፈንድቶበት።»

ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጥኩት። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አስቤበት አይደለም፤ አፌ ነው የተናገረው። «እማማ፣ ኮከብ የሚመድብ ሰው ብየዳ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?» አልኳት።

ግንባሯ ሲኮማተር አየሁት። ከዚያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «እንግዲያው የሞተው ትልቁ ነው» አለች። አልጠየቀችኝም። እኔም «አዎ» አልኩ። እትዬ፣ ያቺን ቃል ስናገር ምንም አልተሰማኝም። ጋሼን በአፌ ገድዬው ምንም አልተሰማኝም።

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ተወዛወዘች። ከዚያ ድንገት ቀና ብላ «ታዲያ ጭራሮ የታለ?» አለችኝ።

«እዚህ ነኝ፤ እኔ ነኝ» አልኳት።

አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ። ጉንጬን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። «አይ» አለች በትሕትና፣ እንግዳ እንዳይከፋው። «እሱ ቀጭን ነው።»

«ወፍሬ ነው እኮ።»

«ይሁን። እሱ ግን ቀጭን ነው። በሕይወት ካለ ይመጣል። ሲጠሩት ባይሰማም ሲመሽ ቤቱን ያውቃል።» ቀጥላ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «ሥራህን ከጨረስክ ተቀመጥ። ብቻዬን ሆኜ መንገድ ማየት ይደክመኛል፤ አብረን እንጠብቀው» አለችኝ።

ወንበሩን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መንገዱ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። አንድ ሰውዬ ጎማ እየነፋ ነበር። ወፍራም ሰው ሲያልፍ ዝም ትላለች፤ ቀጭን ሲያልፍ «እሱ ነው?» ትለኛለች፤ «አይደለም» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ቀደም ብዬ «ያ ማነው?» አልኳት፤ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየችና «ኧረ እሱ የጎረቤት ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አላወራንም።

በሩ ሲንቋቋ ሁለታችንም እኩል ዞርን። አንቺ ነበርሽ። እሷ እሱ መስሏት ነው። እኔም፣ ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም፣ እሱ መስሎኝ ነበር።

ወንድምሽ